ሌንሱ ከቆዳ፣ ሬቲናው ከአንጎል፦ በሽሉ ውስጥ ማን ማንን ይጠራል?

የጦሳ መምህር (ደሴ)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በደሴ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን አንዲት ተማሪዬ ያነሣችውን ጥያቄ በአግባቡ ሳልመልስላት ስለቀረሁ፣ በጉዳዩ ከእኔ ይልቅ የገፋችሁ እንድታግዙኝ ነገሩን ከመነሻው እጽፈዋለሁ።

ቤቴ ያለችው ዶሮ ጭር ብላ ስለነበር ዘጠኝ እንቁላል በአንድ ቀን አስታቀፍኋት። የደሴ ብርድ የታወቀ ነው፤ መብራቱም ሄድ መጣ ስለሚል በመፈልፈያ ሣጥን ከመጨነቅ ዶሮዋን ማመን ይሻላል ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ሦስቱን ከሥሯ አውጥቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ክፍል ወሰድሁ። ቅርፊቱን በትንሽ መቀስ ከላይ በኩል እንደ መስኮት ስንከፍተው፣ በአስኳሉ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘርግተው በመካከላቸው አንዲት ቀይ ነጥብ ትዘላለች፤ ልቡ ናት። ከማጣሪያ ወረቀት የቆረጥሁትን ቀለበት በሽሉ ዙሪያ አስቀምጬ፣ ዳር ዳሩን ቆርጬ ከወረቀቱ ጋር አነሣሁትና፣ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው በሟሟበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አኖርሁት።

በማጉያ ስናየው ጭንቅላቱ ከሌላው ሰውነቱ የገዘፈ ነው። ዓይኑ ገና ጥቁር ቀለም ስላልያዘ ብርሃን ያሳልፋል፤ በዚህም ምክንያት ቀለበት በቀለበት ውስጥ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውጪኛው ቀለበት ወደፊት ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ንጣፍ) የሚሆነው ጽዋ ሲሆን፣ በታችኛው ጠርዙ በኩል ገና ያልተዘጋ ቀጭን ስንጥቅ አለው። ውስጠኛው ትንሹ ቀለበት ሌንሱ ነው። ለተማሪዎቼ እንደ መጽሐፉ አስረዳኋቸው፦ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢቶች ወደ ውጭ ያብጣሉ፤ ከረጢቱ ላይኛውን ሽፋን ማለትም ቆዳ የሚሆነውን ሲነካ፣ የተነካው ሥፍራ ይወፍራል፤ የወፈረውም ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ተቆርጦ ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ ይሆናል፤ በዚያው ጊዜ ከረጢቱ ራሱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ባለ ሁለት ንብርብር ጽዋ ይሠራል። በዓይናችን መሐል ያለው ሌንስ የቆዳ ዘመድ፣ ከኋላው ያለው ሬቲና ደግሞ የአንጎል ቁራጭ ነው ማለት ነው።

ተማሪዋ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ሁለቱ ከተለያየ ቦታ ከመጡ ቆዳው በትክክል እዚያ ላይ ሌንስ መሆን እንዳለበት ማን ነገረው?» አለች። ከረጢቱ በመንካቱ ነው ብዬ መለስሁ። እሷ ግን በዚህ አልረካችም፦ «ታዲያ ያንን ከረጢት ወስደው በእግር ቆዳ ሥር ቢያስቀምጡት፣ እግር ላይ ሌንስ ይወጣል ማለት ነው?» ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ጸጥ አልሁ። መልሱን የምታውቁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የሽል ጥናት (ኮምቦልቻ)፦

መምህር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ተማሪዎ የጠየቀችው ጥያቄ የዘርፉ ሊቃውንት ለሰማንያ ዓመታት ያህል የተሟገቱበት ነው፤ እባክዎን ይህንን ይንገሯት።

እ.ኤ.አ. በ1901 ጀርመናዊው ሐንስ ስፔማን በአንድ የአውሮፓ እንቁራሪት ዝርያ ላይ ሙከራ አደረገ። አንጎል የሚሆነው ንጣፍ ገና ሳይጠቀለል፣ በአንድ ወገን ዓይን የሚሆነውን ክፍል በጋለ መርፌ አጠፋው። በዚያ ወገን ሬቲናው ሳይፈጠር ቀረ፤ ነገር ግን ቆዳው ሳይነካ ሌንሱም አብሮ ቀረ። ባልተነካው ወገን ሁለቱም በደኅና ወጡ። ስፔማን ከዚህ ተነሥቶ፣ አንዱ የሽል ክፍል ጎረቤቱን ምን መሆን እንዳለበት ይቀሰቅሰዋል የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ኢንዳክሽን የምንለው ይኸው ነው፤ እርሱም ከዓመታት በኋላ በ1935 ከዚሁ ሐሳብ በመነጨ ሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። በ1903 ሜንክል የተባለ ተመራማሪ፣ የዓይን ከረጢት የሌለው የሳልሞን ዓሣ ሽል ሌንስ ይዞ መገኘቱን ጻፈ። በ1905 ሄለን ኪንግ በሌላ የእንቁራሪት ዝርያ ከረጢቱ ጠፍቶ ሌንስ ሲፈጠር አየች። ይባስ ብሎ ስፔማን ራሱ የሚበላውን የአውሮፓ እንቁራሪት ዝርያ ወስዶ ሙከራውን ሲደግመው፣ ከረጢቱ ሳይኖር ሌንስ ወጣ። የአንዱ ዝርያ ቆዳ ካልጠሩት አይመጣም፤ የሌላው ደግሞ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሆነ። በሥነ ሽል ታሪክ ውስጥ ከዚህ ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ውጤት ለማግኘት ያስቸግራል፤ ሁለቱም እንቁራሪቶች ናቸውና።

አሁን ወደ እግሩ ቆዳ ልመለስ። የተማሪዎን ሙከራ አሜሪካዊው ዋረን ልዊስ በ1904 ሠርቶታል። የእንቁራሪት ሽል የዓይን ከረጢት ቆርጦ ዓይን በማይወጣበት ቆዳ ሥር ቀበረና፣ በዚያም ሌንስ መውጣቱን ዘገበ። ይህ ለብዙ ዘመን በየመማሪያ መጽሐፉ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲጠቀስ ኖረ። በ1988 ግን ሮበርት ግሬይንገርና ባልደረቦቹ ነገሩን እንደ አዲስ መረመሩት። ከረጢቱን የሚሰጠውን ሽል ሕዋሳት አስቀድመው በምልክት አቀለሙ፤ ከዚያም የወጣው ሌንስ የማን እንደሆነ ተመለከቱ። ብዙውን ጊዜ ሌንሱ ምልክቱን ይዞ ተገኘ። ይህም ማለት ከረጢቱ ሲቆረጥ ሌንስ ሊሆኑ የተዘጋጁ ጥቂት የቆዳ ሕዋሳት ተጣብቀውበት አብረው ይሄዱ ነበር ማለት ነው። እነዚያ በጥንቃቄ ተጠርገው ሲወገዱ፣ ከረጢቱ ብቻውን ከጭንቅላት ውጭ ያለውን ቆዳ ሌንስ ሊያደርገው አልቻለም።

ስለዚህ ለተማሪዎ መልሱ «አይወጣም» ነው። የጭንቅላቱ ቆዳ ግን ከረጢቱ ከመድረሱ ከብዙ ሰዓታት በፊት፣ ገና የአንጎል ንጣፉ በጎኑ ተዘርግቶ ሳለ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይቆያል። ከረጢቱ የሚናገረው አስቀድሞ ጆሮ ለተሰጠው ቆዳ ነው። ስፔማን ባያቸው ሁለት ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነትም የዚህ ዝግጅት መጠን ነው፤ በአንዱ ዝግጅቱ ብቻውን ሌንሱን ለመጀመር ይበቃል፣ በሌላው የከረጢቱ የመጨረሻ ድምፅ ያስፈልጋል።

የመርሳ ተማሪ፦

በታላቅ አክብሮት አንድ ተቃውሞ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1995 በስዊዘርላንድ የቫልተር ጌሪንግ ቡድን አንድን ዘረ መል በዝንብ እጭ ውስጥ ያለ ቦታው እንዲሠራ በማድረግ፣ በክንፏ፣ በእግሯና በአንቴናዋ ላይ ዓይን እንዳወጣ አንብቤያለሁ። ይህ ዘረ መል በሰውና በአይጥ ፓክስ 6 ከሚባለው ጋር አንድ ነው ይባላል። ታዲያ ዝንብ በእግሯ ላይ ዓይን ካወጣች፣ እግር ላይ አይሆንም የተባለው እንዴት ነው? ደግሞስ አንድ ዘረ መል ሁሉን የሚያዝ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ የጥሪና የዝግጅት ትንታኔ ለምን አስፈለገ?

የሽል ጥናት (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ፣ ተቃውሞህ ተገቢ ነው፤ የዝንቧም ሙከራ እንዳልኸው እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ተቀላቅለውብሃል። የመምህር ተማሪ የጠየቀችው ጎረቤት ከውጭ ሆኖ ቢጠራ እግሩ ይሰማል ወይ የሚል ነው። የጌሪንግ ቡድን ያደረገው ደግሞ ጥሪውን ዘልሎ ዘረ መሉን በቀጥታ በእግሩ ሕዋስ ውስጥ ማብራት ነው። በር ማንኳኳትና በመስኮት ገብቶ መብራቱን ማብራት የተለያዩ ናቸው። በተጨማሪም የዝንብ ሌንስ ከሕዋሳት ወደ ውጭ የሚፈስስ ጠንካራ ሽፋን እንጂ እንደ እኛ ከሕይወታውያን ሕዋሳት የተገነባ አይደለም፤ ዘረ መሉ ቢመሳሰልም የሚሠራው ዕቃ ሌላ ነው።

ፓክስ 6 የት እንደሚሠራ የሚያሳይ፣ እኔ በግሌ በዘርፉ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሙከራ በ1994 በጃፓን በአይጠ መጎጥ ሽል ላይ ተሠርቷል። ይህ ዘረ መል በሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት ሽል ዓይን አይኖረውም። ተመራማሪዎቹ የጤነኛውን ከረጢት ከበሽተኛው ቆዳ ጋር፣ የበሽተኛውን ከረጢት ከጤነኛው ቆዳ ጋር አጣምረው በሳህን ላይ አሳደጉ። ጤነኛው ከረጢት በበሽተኛው ቆዳ ላይ ምንም ሊያደርግ አልቻለም። የበሽተኛው ከረጢት ግን ጤነኛውን ቆዳ ሌንስ አደረገው። ፓክስ 6 ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው በጠሪው ሳይሆን በተጠሪው ወገን፣ ማለትም በሰሚው ቆዳ ውስጥ ነው። አዛዥ ከምንለው ይልቅ ጆሮ ብንለው ይቀርባል። ከከረጢቱ በኩል ለሚሄደው ድምፅ ደግሞ ሌሎች ፕሮቲኖች ያስፈልጋሉ፤ ለምሳሌ ቢኤምፒ 4 የተባለው በሌለበት የአይጥ ሽል ከረጢቱ ቆዳውን ነክቶም ሌንሱ አይጀመርም።

አሁን ደግሞ ነገሩን የሚገለብጥ አንድ ግኝት ልጨምር። በ2006 በዶሮ ሽል ላይ በወጣ ጥናት፣ የአንጎሉን ንጣፍ ፊትና ዳር ከብቦ የሚገኘው ቀጭን የቆዳ መቀነት፣ አፍንጫውም፣ የውስጥ ጆሮውም የሚወጣበት ጭምር፣ ለብቻው ተቆርጦ ሲያድግ ሁሉም ክፍሉ ወደ ሌንስ ያደላል። ሌንስ መሆን የዚያ ቆዳ መነሻ ጠባይ ነው ማለት ነው። ታዲያ በአፍንጫችንና በጆሯችን ሌንስ የማይወጣው ለምንድን ነው? ከአንጎሉ ጠርዝ ተነሥተው የሚሰደዱ ሕዋሳት በቆዳው ሥር እየተዘረጉ ዝንባሌውን ያፍኑታል። የዓይን ከረጢቱ ግን ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ስለሚቆም ስደተኞቹ በመካከል መግባት አይችሉም። ከረጢቱ ጠሪ ብቻ ሳይሆን ዘበኛም ነው፤ ሌንሱ በትክክል በጽዋው አፍ ላይ የሚውልበት ምክንያትም ግማሹ ይኸው ነው።

የሐይቅ ዳር፦

እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም፤ ሐይቅ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቆሮሶ ስጠብስና ስቀቅል የኖርሁ ሰው ነኝ። ከዓሣው ዓይን ውስጥ ሲበስል እንደ ዶቃ ክብ የሆነች፣ ነጭ፣ ጠንካራ ኳስ ትወጣለች። ልጆች ሆነን በጥፍራችን ስንልጣት እንደ ሽንኩርት በንብርብር እየተገፈፈች ሄዳ፣ በመጨረሻ መሐሏ ላይ ጥርስ የማይሰብራት ፍሬ ትቀራለች። የምትነጋገሩበት ሌንስ ይህች ናት? ከሆነችስ በጥሬው እንደ ውኃ ጠርታ ስትበስል ለምን ትነጣለች? ንብርብሯስ ከየት መጣ?

የሽል ጥናት (ኮምቦልቻ)፦

እርሷው ናት። ዓሣ በውኃ ውስጥ የሚኖር በመሆኑ ኮርኒያው (የዓይኑ ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን) ብርሃኑን እምብዛም አያጥፍለትም፤ ሥራው ሁሉ በሌንሱ ላይ ስለሚወድቅ ሌንሱ ክብ ኳስ ነው። የእኛ በየብስ የምንኖረው ከፊትና ከኋላ ጠፍጠፍ ያለ ነው።

ለምን እንደምትነጣ ለመረዳት ውስጧ ምን እንደሞላ ማወቅ ይጠይቃል። መምህር በማጉያ ያዩት ባዶ ኳስ ብዙ ሳይቆይ ይሞላል። ወደ ሬቲናው የዞሩት የኋለኛው ግድግዳ ሕዋሳት እንደ ጣት እየረዘሙ ወደ ፊት ይገፉና ባዶውን ይደፍኑታል፤ እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ቃጫዎች ናቸው። ወደ ፊት የዞሩት ግን አጫጭር ሆነው አንድ ረድፍ ሽፋን እንደሆኑ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ በሌንሱ ወገብ ዙሪያ ያሉ ሕዋሳት እየተከፈሉ፣ አዲሶቹ እየረዘሙ በአሮጌዎቹ ላይ ይለበጣሉ፤ ይህም ዕድሜ ልክ አይቋረጥም። የላጧቸው ንብርብሮች እነዚሁ ናቸው።

ቃጫዎቹ ክሪስታሊን በሚባሉ ፕሮቲኖች ይሞላሉ፤ ከሌንሱ ክብደት አንድ ሦስተኛው ያህል ፕሮቲን ነው፤ በሌላ የሰውነት ክፍል እንዲህ ያለ ክምችት አይገኝም። ፕሮቲኖቹ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ወጥ ሆነው በመደርደራቸው ብርሃን ሳይበተን ያልፋል። ብረት ድስት ውስጥ ሲገቡ ግን እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋሉ፤ ብርሃኑን መበተን ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ይነጣሉ። በተጨማሪም ቃጫው ሲበስል (በዕድሜ ማለቴ ነው) ዘረ መል የሚቀመጥበትን ኒውክለሱንና ኃይል አመንጪውን ማይቶኮንድሪያውን ሳይቀር ከውስጡ አፍርሶ ያጠፋል፤ ብርሃን የሚያደናቅፍ ዕቃ እንዳይኖር ነው። ቤቱን ያጸዳው ግን ዋጋ ከፍሎ ነው፤ ዘረ መል የሌለው ሕዋስ አዲስ ፕሮቲን ሊሠራ አይችልም። በልጅነትዎ ጥርስ ያልሰበራት ያቺ ፍሬ ዓሣው ገና ሽል ሳለ የተሠራች ናት።

ይህ ባሕርይ ለዕድሜ ቆጠራም ጠቅሟል። በ2016 ተመራማሪዎች የግሪንላንድ ሻርክን የሌንስ እንብርት በሬዲዮ ካርበን መርምረው ትልቋን ሻርክ 392 ዓመት ገደማ ብለው ገምተዋታል፤ ከዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም 120 ዓመት ያህል ሊዛነፍ እንደሚችል አስቀምጠው። ከልደቷ በፊት የተሠራው ፕሮቲን በዚያ ሁሉ ዘመን ሳይለወጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

የዓይን ነርስ (ደሴ አካባቢ)፦

ውይይቱን በተመስጦ ተከታተልሁት። እኔ በየቀኑ የማየው የዚህኑ ሌንስ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአገራችን በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ሞራው ከውጭ የሚበቅል ሽፋን ይመስላቸዋል፤ እኛ ግን በቀዶ ሕክምና የምናወጣው እዚህ የተነገረውን ሌንስ ራሱን ነው፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሳይታደስ የኖረ ፕሮቲን በመጨረሻ እርስ በርሱ ተጣብቆ ብርሃን መከልከል ሲጀምር።

ነገር ግን ሞራ የሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ ይህንን ለማለት ነው የጻፍሁት። በሰው ልጅ ላይ ቆዳው ለሌንስ መወፈር የሚጀምረው ከፅንሰቱ በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ የእናቲቱ የወር አበባ ከቀረ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ ገና እርግጠኛ አይደለችም። በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ኳሱ ከቆዳው ተለይቶ ይወጣል፤ በሰባተኛውም ሳምንት ባዶው ተሞልቷል። በእነዚያ ሳምንታት ሩቤላ የተባለው ሽፍታ ያለው ቀላል ትኩሳት እናቲቱን ቢይዛት፣ እርሷ በሁለት በሦስት ቀን ትነሣለች፤ ቫይረሱ ግን ወደ ፅንሱ አልፎ ሌንሱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህንን መጀመሪያ ያስተዋለው በ1941 አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ነው። ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት በአንድ ወቅት ሲበዙበት እናቶቻቸውን ጠየቀ፤ አብዛኞቹ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሩቤላ ይዟቸው እንደነበር ነገሩት።

አንዲት እናት ከገጠር ልጇን አዝላ መጥታ፣ «እትዬ፣ ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር አለ፤ ሲያድግ ይለቀዋል ብለውኝ ነበር» አለችኝ። ልጁ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሞራውን ማውጣት ይቻል ነበር፤ አንጎሉ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥርት ያለ ምስል ካላገኘ ማየትን በደንብ አይማርም። ሁለቱንም ዓይን የጋረደ ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ቀዶ ሕክምና ቢያገኝ የተሻለ ነው። ነጩ ነገር ሞራ ላይሆንም፣ ከዚህ የከፋ ዕጢ ሊሆን ይችላልና፣ በሕፃን ብሌን ውስጥ ነጭ ያየ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰደው። እናቶች ደግሞ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እንዳይጥሉ እለምናለሁ፤ ባላወቁት ሳምንት በሆነ ነገር የሚወቀሱበት ምክንያት የለም።

የወረ ኢሉ አንባቢ፦

እኅቴ፣ ስለዚህ ምክር እግዜር ይስጥልን። እኔ የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። በኳሱ የኋላ ግድግዳ ያሉት ረዘሙ፣ የፊቶቹ አልረዘሙም ተብሏል። ሁሉም ከአንድ ቆዳ የወጡ እኅትማማች ሕዋሳት ሆነው ሳለ፣ ኋላና ፊታቸውን በምን ለዩ? ኳሱ ራሱ በውስጡ ያውቀዋል ወይስ አሁንም የሚነግረው አለ?

የሽል ጥናት (ኮምቦልቻ)፦

አሁንም የሚነግረው አለ። በ1963 ኩሎምብር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአምስት ቀን የዶሮ ሽል ዓይን ከፍተው ሌንሱን አወጡና፣ ፊቱን ወደ ኋላ ገልብጠው መልሰው አስቀመጡት። አጫጭሮቹ የፊት ሕዋሳት አሁን ወደ ሬቲናው ዞሩ። ኳሱ በራሱ የሚያውቀው ቢሆን እንዳሉ አጭር ሆነው በቀሩ ነበር። እነርሱ ግን መርዘም ጀመሩ፤ ቃጫ ሆኑ፤ ወደ ኮርኒያው በዞረው ወገን ደግሞ አዲስ ሽፋን ተሠራ። ሌንሱ የኋላ አቅጣጫውን የሚያውቀው ከሬቲናው በኩል ከሚመጣው ነገር ነው።

ያ ነገር ምን እንደሆነ በ1989 ከአውስትራሊያ የወጣ ሥራ አሳየ። የአይጠ መጎጥን የሌንስ ሽፋን ሕዋሳት ኤፍጂኤፍ በሚባል የዕድገት ፕሮቲን ሲያጠጧቸው፣ በጥቂቱ ሲያገኙት ይከፈላሉ፤ መጠኑ ሲጨምር ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ በብዛት ሲያገኙት ይረዝማሉ። ይህ በዓይን ውስጥ ካለው አሰላለፍ ጋር ይገጥማል፤ ከፊት በኩል ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፣ ከሬቲናው በኩል ብዙ ነው። አንዱ ቃል በመጠኑ ልክ ሦስት ትርጉም አለው።

ንግግሩም አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሜክሲኮ በጨለማ ዋሻ የሚኖር ዓይን አልባ ዓሣ አለ። ሽሉ ዓይን መሥራት ይጀምራል፤ ሌንሱም ይፈጠራል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የሌንሱ ሕዋሳት ይሞታሉና ዓይኑ ሁሉ ሟሽሾ በቆዳ ይሸፈናል። በ2000 ያማሞቶና ጄፍሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዋሻው ውጭ በወንዝ ከሚኖረው፣ ዓይን ካለው ዘመዱ የአንድ ወገን ሌንስ ወስደው በዋሻው ዓሣ ሽል ላይ ተከሉት። በዚያ ወገን ትልቅ ዓይን አደገ፤ ኮርኒያና አይሪስ ሳይቀር። ሌንሱ መጀመሪያ ይሰማል፤ ከተፈጠረ በኋላ ግን እርሱም ይናገራል።

መምህር፣ ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ምክር፦ በ72 ሰዓት ኳሱ ቀድሞ ተዘግቶ ያገኙታል። ቆዳው ሲወፍርና መጎድጎድ ሲጀምር ማሳየት ከፈለጉ ከ48 እስከ 53 ሰዓት ባለው ጊዜ ይክፈቱት። እንቁላሉን ዶሮዋ ሥር ያስገቡበትን ሰዓት ይጻፉ፤ በቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም።

የጦሳ መምህር (ደሴ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ሁለተኛዎቹን ሦስት እንቁላሎች በአምስተኛው ቀናቸው ከፈትን። አንዱ ሳይዳብር የቀረ ነበር፤ በሁለቱ ግን ዓይኑ ጥቁር ሆኖ፣ ከማጉያ ውጭም ከሩቅ ይታያል። ጥቁሩ የመጣው ከጽዋው ውጪኛው ንብርብር እንደሆነ አስረዳኋቸው። ያቺ ተማሪ በመርፌ ጫፍ ዓይኑን ከፍታ ሌንሱን አወጣችው፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፣ ጠርቶ የሚያበራ ነጥብ ነው። በተጻፈ ወረቀት ላይ አኑራ በማጉያ ስታየው ሥሩ ያለውን መስመር አጠመዘዘው። ሌንስነቱን ከሽልነቱ ጀምሮ እንደሚሠራ ሁሉም በየተራው አየ።

የልዊስን ሙከራ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ «እኔም እንደ እርሱ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ተሳስቼ ነበር፤ የተጣበቀውን ሕዋስ እንዴት አያለሁ?» አለች። ከዚያም ሌላ ጠየቀች፦ ዘበኛው ከረጢት ቢነሣና ስደተኞቹ ሕዋሳትም ቢከለከሉ፣ ቆዳው ብቻውን ሌንስ ይሆናል ወይ? የሽል ጥናት ወንድማችን፣ ይህንን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

የሽል ጥናት (ኮምቦልቻ)፦

በዶሮ ሽል ተሞክሯል፤ አዎ፣ ሁለቱም በሌሉበት ቆዳው ወደ ሌንስ ያዘነብላል፤ ክሪስታሊንም መሥራት ይጀምራል። ነገር ግን የሚወጣው ትንሽና ቅርጽ የጎደለው ነው፤ አቅጣጫ የሚያሳየው ሬቲና የለውምና። ቅዳሜ ወደ ደሴ ስለምወጣ፣ በ50 ሰዓት ከተወሰደ ሽል የተሠነጠቁና በመስታወት ላይ የተቀለሙ ቁርጥራጮች ይዤ እመጣለሁ። ቆዳው ሲወፍር በአንዱ፣ ሲጎደጉድ በሌላው ይታያል። የትምህርት ቤትዎ ማይክሮስኮፕ በ100 እጥፍ የሚያጎላ ከሆነ ይበቃናል።

የጦሳ መምህር (ደሴ)፦

ይበቃል፤ መስታወቱን ዛሬ ጠርጌ አጽድቼዋለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፒያሳ እቀበልዎታለሁ። ዶሮዋ የቀሩትን ሦስቱን ታቅፋለች።